ባልና ሚስት ከየትኛው ባሕር ይቀዳሉ?
የአቻነት ሚዛን በሐዲስ ዓለማየሁና በጠይብ ሳሊህ ሥራዎች

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» ይላል የአማርኛ ተረትና ምሳሌ። ተናጋሪው እንደ አጋጣሚው ከሁለቱ አንዱን ሊልበት ይችላል። ባልና ሚስት ውለው ሲያድሩ በጠባይም፣ በአነጋገርም፣ አንዳንዴ በመልክም ይመሳሰላሉ ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቀድሞውኑ ይመሳሰሉ ነበርና ተፈላልገው ተገናኙ ማለቱ ይሆናል። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» የሚለውም ይህንኑ ሐሳብ ያጠናክራል። ነገሩ ለነቀፋ ሲፈለግ ደግሞ «ግም ለግም አብረህ አዝግም» ይባላል። ሦስቱም ተረቶች ተመሳሳይ ወደ ተመሳሳዩ ይሄዳል በሚለው ይስማማሉ። ሦስቱም የሚያልፉት ጥያቄ ግን አለ። ተመሳሳይነቱ የሚለካው በምንድን ነው? ሚዛኑንስ የያዘው ማን ነው?

ይህ ተረት ከካርቱም መሀል ወደ ደቡብ፣ የነጭ ዓባይን ምሥራቃዊ ዳር ይዞ በተዘረጋው በካላክላ ሰፈር ቢነገር «ባሕር» የሚለው ቃል ወዲያው በዓይን የሚታይ ነገር ይሆናል። ሱዳናውያን ወንዙን ባሕር ይሉታልና ነጭ ዓባይ በቋንቋቸው «አል ባሕር አል አብየድ» ነው። ይኸው ውኃ ካላክላን አልፎ ወደ ሰሜን ሲወርድ፣ አል ሞግራን ከተባለው ስፍራ ላይ ከጎጃም ከሰከላ ተነሥቶ ከሚመጣው ዓባይ ጋር ይገናኛል። ሁለቱ ውኆች ከተገናኙም በኋላ ጥቂት መንገድ መልካቸውን ሳይለውጡ ጎን ለጎን ይጓዛሉ። በዚያ አገር እንግዲህ «ከአንድ ባሕር» ለሚለው ሰው «ከየትኛው ባሕር?» የሚል መልስ ቢሰጠው ቧልት አይሆንም።

ካላክላ ራሱ የተለያየ ሕዝብ የተቀመጠበት ሰፈር ነው። ከወንዝ ዳር ነባር ነዋሪዎቹ ሌላ፣ ጦርነትና ድርቅ ከዳርፉር፣ ከኑባ ተራሮችና ከደቡብ ያፈናቀሏቸው ሰዎች ባለፉት አሥርት ዓመታት በዚያ የከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ ሰፍረዋል። በመተማና በገዳሪፍ፣ በሑመራና በከሰላ በኩል ወደ ካርቱም የገቡት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ከከተማዋ ሰፈሮች ተበታትነው ኖረዋል። ከእነዚህ ማኅበረሰቦች እያንዳንዱ ለልጁ ትዳር ሲያስብ የየራሱን መለኪያ ይዞ ይመጣል፤ መለኪያዎቹም አንዳንድ ጊዜ ፍጹም ተቃራኒ ናቸው።

በሰሜን ኢትዮጵያ ክርስቲያን ማኅበረሰብ ዘንድ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይቆጠራል። የሁለቱ ወገን አያቶች እስከ ሰባት ትውልድ ተጠርተው አንድ ስም በሁለቱም በኩል ከተገኘ ነገሩ እዚያ ላይ ይቆማል። በሰሜንና በመካከለኛው ሱዳን በሚኖሩ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ግን ለወጣቱ ቀድማ የምትታሰበው የአጎቱ ልጅ ናት። «ቢንት ዐም» ማለት በአንዳንዱ ቤት የማይነገር የእጮኛ ስም ያህል ነው። እዚያው ካላክላ ጎረቤት ሆነው የኖሩት ከደቡብ የመጡ ዲንቃዎችና ኑዌሮች ደግሞ በዘመድ መጋባትን እንደ አማራው ሁሉ አጥብቀው ይከለክላሉ። አንዱ ቤት እንደ ነውር የሚያየውን የአጥሩ ማዶ ቤት እንደ ክብር ያየዋል ማለት ነው።

የአማራው ልማድ ግን ሌላም ጎን አለው። ያ ሰባት ትውልድ የሚቆጥር ሰው «አጥንቱስ?» ብሎ ይጠይቃል። ሥጋው ሩቅ፣ ደረጃው ቅርብ እንዲሆን ይፈልጋል። ሀብቱ፣ ማዕረጉ፣ የአባቱ ስም መመጣጠን አለበት፤ «አቻ ጋብቻ» የሚባለውም ይኸው ነው። በሱዳን በኩልም ተመሳሳይ ሐሳብ አለ። እስላማዊው ሕግ «ከፋአ» የሚለው፣ ባል ለሚስቱ ተመጣጣኝ ይሁን የሚለው መርሕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሱዳን የሙስሊሞች የቤተሰብ ሕግ ይህን ተመጣጣኝነት በሃይማኖትና በሥነ ምግባር ወስኖታል፤ በልማድ ግን ዘርና ጎሳም ይቆጠራሉ። ስለዚህ በሁለቱም አገር ጋብቻ የሚጠይቀው ተመሳሳይነትን ብቻ አይደለም፤ በአንዱ ሚዛን መመሳሰልን፣ በሌላው መለየትን ይጠይቃል። የሁለቱን አገር ታላላቅ ልብ ወለዶች አጣምሮ ማንበብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ ጊዜ የሚነበበው የማይመሳሰሉ ሰዎች ፍቅር ታሪክ ተደርጎ ነው። በአንድ በኩል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል፣ በሌላው በኩል የድኻ ገበሬ ልጅ የሆነው የቅኔ ተማሪ በዛብህ። ይህ አነባበብ ግን የፊታውራሪውን ሚዛን ሳያውቅ ተቀብሎ የሚነሣ ነው። ሁለቱ ወጣቶች በዕድሜ ይቀራረባሉ፤ በሃይማኖት አንድ ናቸው፤ በቋንቋ፣ በአገር፣ በአእምሮ ንቃት፣ ለፊደል ባላቸው ፍቅር፣ በዓይን አፋርነታቸው እንኳ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም የወላጆቻቸው ውሳኔ እስረኞች ናቸው፤ እሷ በአባቷ ኩራት፣ እሱ በእናቱ ስለት። በሥጋ ዘመድም አይደሉም፤ ሰባቱ ትውልድ ቢቆጠር በዛብህ ፈተናውን ያልፋል። ከብዙው መለኪያ ሁሉ የሚወድቀው በአንዱ ብቻ ነው፤ ያም ሚዛን ያለው በፊታውራሪው እጅ ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁ ብልኅነት እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። ፊታውራሪ መሸሻን ጨካኝ ብቻ አድርገው አላቀረቧቸውም። ፊታውራሪው አባት የሚያስበውን ያስባሉ፤ ልጃቸው ከአቻዋ እንድትጋባ ይፈልጋሉ። ችግሩ የአቻነት ፍለጋቸው መቆሚያ የሌለው መሆኑ ነው። የመጣውን ጠያቂ ሁሉ በአጥንት እየለኩ ሲመልሱ የሰብለ ዕድሜ ያልፋል። ተመሳሳይ ፍለጋ ከልክ ሲያልፍ ማንም ተመሳሳይ አይገኝም። ጉዱ ካሣ በልቦለዱ ውስጥ የሚናገረው ሁሉ ሲጨመቅ ይህንኑ ይላል። አንባቢ ጉዱ ካሣን የደራሲው አፍ ነው ብሎ ሊያማርር ይችላል፤ በአንዳንዱ ገጽም ንግግሩ ከታሪኩ ረዝሞ ይከብዳል። ክርክሩን የሚያሸንፈው ግን የሰብለ የብቸኝነት ዓመታት ናቸው እንጂ የእሱ ንግግር አይደለም።

ይህም ሆኖ ልብ ወለዱ በጸጥታ የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። ሰብለ በዛብህን የመረጠችው ከማን መካከል ነው? በአባቷ ግቢ ታጥራ የኖረች ልጅ አጠገቧ እንዲቀመጥና እንዲያናግራት የተፈቀደለት ወጣት መምህሯ ብቻ ነው። ይህ ማለት ፍቅሯ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ቤቷን ጥላ በወጣች ጊዜ የከፈለችው ዋጋ እውነትነቱን ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ሰው ልቡ የፈቀደውን የሚመርጠው ካገኛቸው ሰዎች መካከል ነው። ፊታውራሪው ባል መምረጥ ተስኗቸው ሳለ፣ መምህር ሲመርጡ ሳያውቁት ለልጃቸው የመምረጫውን ክበብ ወስነዋል። ደራሲው ይህን ምፀት ጠለቅ አድርገው ቢመረምሩት ኖሮ የሰብለ ልብ ከዚህም ይበልጥ በተገለጠልን ነበር።

ጠይብ ሳሊህ (1929-2009 እ.ኤ.አ.) በሰሜን ሱዳን በካርማኮል ተወልዶ ለንደን ውስጥ ያረፈ ደራሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የታተመውና በ1976 ኩዌታዊው ኻሊድ አል ሲዲቅ ወደ ፊልም የለወጠው «የዘይን ሠርግ» የሚነሣው ከፍቅር እስከ መቃብር ተቃራኒ ጫፍ ነው። ዘይን የመንደሩ መሳቂያ ነው፤ መልኩ አያምርም፣ ጥርሱ ረግፏል፣ አእምሮውም የልጅ ነው ይባላል። ቆንጆ ልጃገረድ ባየ ቁጥር ፍቅሯ ገደለኝ እያለ ይጮኻል፤ ጩኸቱን የሰሙ ባለጸጎች መጥተው ልጅቱን ያገቧታል። እናቶች ይህን ሲያውቁ ዘይንን ወደ ቤታቸው መጥራት ይጀምራሉ። እንግዲህ ይህ ሰው ኒዕማን፣ የመንደሩን ብልኅ፣ ኩሩና መልከ መልካም ልጅ ሊያገባ ነው የሚለው ወሬ ሲነዛ መንደሩ ይናወጣል።

አንባቢ ይህን ሠርግ የልዩነት ድል አድርጎ ያየዋል፤ ደስታውም ከዚያ ይመነጫል። ነገር ግን ጠይብ ሳሊህ ከመጀመሪያው አንድ ነገር በጎን አስቀምጧል፤ ኒዕማ የዘይን የአጎቱ ልጅ ናት። በመልክ፣ በዕውቀት፣ በጠባይ ምንም የማይገናኙት ሁለቱ ሰዎች በልማዱ ሚዛን ከሁሉ የተመቹ ናቸው። መንደሩ ይደነቃል እንጂ ጋብቻውን ነውር ነው ሊል አይችልም። ተአምሩ የቆመው በልማድ ላይ ነው።

ሁለቱ መጻሕፍት ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚታየው ይህ ነው። በጎጃም በአንዱ ነገር ብቻ ያልተመሳሰሉት ተከለከሉ፤ በሰሜን ሱዳን በአንዱ ነገር ብቻ የተመሳሰሉት ተፈቀደላቸው። የበዛብህ ድኽነት ሌላውን መመሳሰል ሁሉ ሰረዘው፤ የዘይን ዝምድና ሌላውን መለያየት ሁሉ ሸፈነው። በሁለቱም መንደር ሚዛኑ አንድ ነገር ብቻ ይመዝናል፤ ያም ነገር ቤተሰቡ የሚፈልገው እንጂ ሁለቱ ሰዎች ከየራሳቸው ያገኙት አይደለም።

ጠይብ ሳሊህ የሚመሰገንበት አንዱ ነገር ለኒዕማ ውሳኔ አንድ ቁርጥ ያለ ምክንያት አለመስጠቱ ነው። መንደሩ እንደየአፉ ያወራል፤ ቅዱሱ ሐኒን አዘዛት የሚል አለ፣ ራሷ ወሰነች የሚል አለ፣ አዘነችለት የሚልም አለ። ማንም ሰው የሌላውን ምርጫ ከውጭ ቆሞ ሊያውቀው እንደማይችል ይህ ያሳያል። ይሁንና ይኸው ብልኅነት ጉድለትም አለው። መጽሐፉ የሚያበቃው በሠርጉ ዕለት፣ የተጣላው ሁሉ ታርቆ በሚጨፍርበት ሰዓት ነው። ከጭፈራው ማግስት ከዘይን ጋር ጎጆ የምትቀልሰው ኒዕማ ምን ታገኛለች? መንደሩ አንድ ሆነ፤ ሴቲቱስ? ይህን ጥያቄ ደራሲው የሚመልሰው በዚያ መጽሐፍ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው «የስደት ወቅት ወደ ሰሜን» ነው። መልሱም መራራ ነው።

ወደዚያ ከመታለፉ በፊት እንስሳት ስለዚህ ጉዳይ ምን እንደሚያሳዩ ማየት ይበጃል፤ በዘመናችን ሰው የራሱን ልማድ በተፈጥሮ ስም መከላከል ይወዳልና። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ስለ ሰው ዘር አመጣጥና ስለ ጾታዊ ምርጫ የጻፈውን ካሳተመ ወዲህ ተመራማሪዎች ብዙ ምስክር ሰብስበዋል፤ ምስክሮቹ ግን በአንድ ቃል አይስማሙም። በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ዝይ የተባለችው ወፍ ነጭና ሰማያዊ መልክ አላት፤ ጫጩቷ ስታድግ የወላጆቿን መልክ የሚመስል ጓደኛ ታዘወትራለች። እዚያው አሜሪካ የሚገኝ ነጭ ጉሮሮ ያለው ድንቢጥ ደግሞ የራስ ቅሉ መስመር ነጭ የሆነና ቡናማ የሆነ ሁለት ዓይነት አለው፤ ነጩ ቡናማውን፣ ቡናማው ነጩን እንጂ መሰሉን አይፈልግም ለማለት ይቻላል። ከሁለት ወፎች ሁለት ሕግ ይወጣል።

የኢትዮጵያ ተራሮችም የራሳቸው ምስክር አላቸው። በባሌ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በመንጋ ተቧድኖ የየራሱን ክልል ይጠብቃል። ወንዶቹ ከተወለዱበት መንጋ ሳይለዩ ስለሚቀሩ በመንጋው ውስጥ ዝምድና ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ሴቷ ቀበሮ ከራሷ መንጋ የምትቀበለው አውራውን ወንድ ብቻ ነው፤ አብዛኛው ግንኙነቷ ከጎረቤት መንጋ ወንዶች ጋር ነው። ቀበሮዋ እንደ ጎጃም ሽማግሌ ትውልድ ባትቆጥርም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። በዌብ ሸለቆ ግን ይኸው ወደ ሩቅ መሄድ ሌላ አደጋ አመጣ፤ ከመንደር ውሾች ጋር የተዳቀሉ ግልገሎች ታዩ፤ ለጠባቂዎችም ሥጋት ሆነ። በጣም ቅርብ የሆነውም፣ በጣም ሩቅ የሆነውም ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው።

በሰውም ዘንድ የዝምድና ዋጋ በቁጥር ይነገራል። የአንድ አጎት ወይም የአንድ አክስት ልጆች ከዘር ውርሳቸው አንድ ስምንተኛውን ይጋራሉ። ልጆቻቸው በውርስ ሕመም የመጠቃት ዕድላቸው ከሌላው ሕፃን ላይ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ ቀላል አይደለም፤ ሆኖም ከእንደዚህ ያለ ጋብቻ የሚወለዱ አብዛኞቹ ልጆች ጤነኞች ናቸው። በሌላ በኩል በሰባተኛው ትውልድ ላይ ከአንድ ባልና ሚስት የሚገናኙ ሁለት ሰዎች የሚጋሩት ከ8 ሺህ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። ስለ ጤና ብቻ ቢሆን ኖሮ ሦስት ወይም አራት ትውልድ መቁጠር ይበቃ ነበር። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግም በ1992 ዓ.ም. ሲሻሻል ክልከላውን በወላጅና ልጅ፣ በወንድምና እህት፣ በአክስትና አጎት ወስኖታል። የሰባት ትውልድ ቆጠራ ሥራው ከጤና በላይ ነው፤ ልጅን ወደ ሩቅ እየዳረ ሩቅን ዘመድ ያደርጋል። የአጎት ልጅ ጋብቻም በበኩሉ መሬትንና ጥሪትን በቤት ያቆያል፤ ሙሽራይቱንም ከማታውቀው አማት ያድናታል ይባላል። ሁለቱም ልማዶች ምክንያት አላቸው። ምክንያታቸው ግን የቤተሰብ እንጂ የተፈጥሮ ትእዛዝ አይደለም።

በሳይንስ ስም የሚነገረውን ሁሉ መቀበልም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1995 በስዊዘርላንድ ክላውስ ቬደኪንድና ባልደረቦቹ 44 ወንዶች ለሁለት ሌሊት የለበሱትን ካናቴራ 49 ሴቶች እንዲያሸቱ አድርገው ነበር። ሴቶቹ በበሽታ መከላከያ ዘረ መል ከእነሱ የሚለየውን ወንድ ሽታ መረጡ፤ የወሊድ መከላከያ ኪኒን የሚወስዱት ግን በተቃራኒው። ከዚያ ወዲህ «ተቃራኒ ይሳሳባል» የሚለው አባባል በየመጽሔቱ ሳይንሳዊ እውነት ሆኖ ተናፈሰ። ኋላ የተደረጉት ጥናቶች ግን ሁሉም አላረጋገጡትም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ22 ጠባያትን የቀደሙ ጥናቶች ሰብስበው፣ በብሪታንያ ከተያዘ ትልቅ የጤና መዝገብ ደግሞ 133 ጠባያትን መርምረው ባወጡት ሥራ በአብዛኞቹ ባልና ሚስት ይመሳሰላሉ፤ በተለይ በትምህርት፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ አመለካከት። ተረቱ እውነት ተናገረ ማለት ነው። ሆኖም መመሳሰላቸው ከልብ ምርጫ ይምጣ፣ አብሮ ከመዋል ይምጣ፣ ከወላጅ ፈቃድ ይምጣ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። ልብ ወለድ ሥራ የሚጀምረው ቁጥሩ ዝም ካለበት ቦታ ነው።

ይህን ልዩነት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የአዋሽ ዝንጀሮ ነው። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮዎች፣ አኑቢስና ሐማድርያስ የሚባሉት፣ ይገናኛሉ፤ ይዳቀላሉም። ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ኩመር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት እንደታየው የሐማድርያስ ወንድ ሴቶቹን ሰብስቦ ይነዳል፤ የራቀችውን አንገቷን ነክሶ ይመልሳታል። የአኑቢስ ሴት ግን በራሷ ቡድን እንዲህ ያለ ነጂ የላትም። ከሩቅ ሆኖ የሐማድርያስን መንጋ የሚያይ ሰው ሴቶቹ ወንዱን መርጠው የተከተሉት ይመስለዋል። ጥምረት ሁሉ ምርጫ አይደለም።

«የስደት ወቅት ወደ ሰሜን» ውስጥ የሑስና ቢንት ማሕሙድ ታሪክ ይህን በሰው ዓለም ያሳያል። ሙስጠፋ ሰዒድ ከጠፋ በኋላ መበለቲቱ ሑስና ሌላ ባል አልፈልግም ትላለች። ብዙ ሴት ያገባውና የፈታው ሽማግሌ ወድ ረየስ ግን ይመኛታል፤ አባቷም ይሰጡታል። በመንደሩ ሚዛን ጋብቻው እንከን የለበትም፤ አንድ መንደር፣ አንድ ሃይማኖት፣ የታወቀ ቤተሰብ። ፍጻሜው ሁለት ሬሳ ነው። ሑስና ወድ ረየስን ገድላ ራሷን ትገድላለች። መንደሩ ከሞቱ ይልቅ ስለ ውርደቱ ይጨነቃል። ተራኪው ጎረቤቱን ሊያድናት የሚችልበት ጊዜ ሳለ ዝም ማለቱ ደግሞ ጥፋቱን ወደ ተማረው ትውልድ ይመልሰዋል። ጠይብ ሳሊህ በዘይን ሠርግ በጭፈራ የዘጋውን በር እዚህ በደም ከፈተው።

በዚሁ መጽሐፍ ሙስጠፋ ሰዒድ በለንደን ከእንግሊዛዊቷ ጂን ሞሪስ ጋር ያደረገው ጋብቻም በግድያ ያበቃል። አንዳንድ አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ ደራሲው ከባዕድ ጋር መጋባትን ነቅፏል ይላል። ይህ ግን ግማሽ ንባብ ነው። የባዕዷም ጋብቻ፣ የመንደሯም ጋብቻ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ በአንድ ዓይነት ስለት ያልቃሉ። ሙስጠፋ ሰዒድ ለእንግሊዛውያኑ ሴቶች የምሥራቅ ተረት ሆኖ ቀረበ፤ እነሱም እሱን በዚያው ተረት ዓይን አዩት። ሰውየውን ማንም አላየውም። ወድ ረየስም ሑስናን አላያትም። ሁለቱን ጋብቻዎች የገደላቸው መመሳሰልም መለያየትም አይደለም፤ አንዱ ወገን ሌላውን እንደ ሰው አለማየቱ ነው።

ይህ ዓይን ወደ ኢትዮጵያውያን ሲዞርም ይታያል። ዐብዱልዐዚዝ በረካ ሳኪን እ.ኤ.አ. በ2009 የጠይብ ሳሊህን ሽልማት ያገኘበትና ወዲያው በመንግሥት የታገደበት «አል ጀንጎ» የተባለው ልብ ወለድ የሚካሄደው በምሥራቅ ሱዳን ድንበር፣ የሰሊጥ ወቅት ሠራተኞች በሚሰበሰቡበት መንደር ነው። ከዋና ገጸ ባሕርያቱ መካከል ከሐበሻ ምድር የመጣች ሴት አለች። ደራሲው የድንበሩን ሕዝብ ከነቋንቋው፣ ከነመጠጡና ከነፍቅሩ ወደ ሥነ ጽሑፍ ማምጣቱ ትልቅ ውለታ ነው። ሆኖም ሐበሻይቱ የምትገባበት በር የመሸታ ቤቱ በር መሆኑ አንባቢን ሊያሳስበው ይገባል። በሱዳን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያት ሁሉ ከዚያ በር የገቡ አይደሉምና። ቡና አፍልታ የምትሸጠው፣ ከሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው፣ ልጇን አረብኛ ትምህርት ቤት የምታስገባው ሴት ገና ደራሲዋን ትጠብቃለች። አማርኛ ጸሐፊዎችም በዚህ ረገድ ብዙ አልሠሩም። ካርቱም በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ወደ ሌላ አገር መሻገሪያ ናት፤ ሰው የሚኖርባት፣ የሚጋባባትና የሚቀበርባት ከተማ ሆና የቀረበችው በጥቂቱ ነው።

እንደ ካላክላ ባለ ሰፈር ግን ኑሮ ነበረ። የሰብለ ወንጌል ግቢ ምርጫዋን እንደወሰነው ሁሉ በዚያም የሰውን የመገናኛ ክበብ የሚወስኑት የአል ላፋ ገበያ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጎረቤቱና የጸሎት ቤቱ ናቸው። ከጎንደር የመጣችና ከዳርፉር የመጣ ወጣት በወላጆቻቸው አገር ሊተያዩ የማይችሉ ሲሆኑ በዚህ በአንድ ሻይ መሸጫ ሊቀመጡ ይችላሉ። ቢፈላለጉ በየትኛው ሚዛን ይመዘናሉ? በአጥንት የሚመዝን ሽማግሌ አገር ቤት ቀርቷል፤ በከፋአ የሚመዝነው ዳኛ ስለ ሃይማኖታቸው ይጠይቃል፤ ሰባት ትውልድ ቢቆጠር ፈተናውን ያለ ጥርጥር ያልፋሉ። የሚመሳሰሉበት ነገር ደግሞ ትልቅ ነው፤ ሁለቱም ስደተኞች፣ ሁለቱም ደሞዝ ጠባቂዎች ናቸው፤ ሁለቱም ባለ አምስት ድምፅ ዜማ ሲሰሙ አገራቸው ትዝ ይላቸዋል። መሐመድ ዋርዲ በአዲስ አበባም እንደ ካርቱም የተወደደው በከንቱ አልነበረም። ይህን መመሳሰል ግን ከልማዶቹ አንዱም አይቆጥረውም።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም የተነሣው ጦርነት ካላክላንም አላለፈውም። ሰፈሩ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ወድቆ ቆየ፤ የሱዳን ሠራዊት መልሶ የያዘው እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ነው። በዚህ መካከል ነዋሪው ተበተነ። በ1977ቱ ረሃብ ኢትዮጵያውያን ወደ ሱዳን በተሻገሩበት በመተማ በኩል አሁን ሱዳናውያን ወደ አማራ ክልል ገቡ፤ ኩመርና አውላላ የተባሉት መጠለያዎችም ለእነሱ ተከፈቱ። በዚያ መንገድ ከሄዱት መካከል የሁለት አገር ባልና ሚስት፣ የሁለት ቋንቋ ልጆችም ይኖራሉ። ድንበር ላይ የሚጠይቃቸው ሰው «የማን ወገን ናችሁ?» ይላቸዋል፤ ያ ጥያቄ ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻ ጥያቄ ነው፤ ልብሱን ብቻ ለውጧል።

ሐዲስ ዓለማየሁና ጠይብ ሳሊህ ተገናኝተው ያልተነጋገሩበትን ነገር መጻሕፍታቸው ይነጋገሩበታል። ሁለቱም የየአገራቸውን ልማድ ከውስጥ ያውቁታል፤ ሁለቱም ይወዱታል፤ ሁለቱም ያልራሩለት አንድ ነገር አላቸው፤ እሱም ሰውን በአንድ መለኪያ ብቻ መዝኖ የቀረውን መጣል ነው። የኢትዮጵያው ደራሲ መለኪያው ሲከለክል ምን እንደሚሆን ጻፉ፤ የሱዳኑ መለኪያው ሲፈቅድም፣ ሲያስገድድም ምን እንደሚሆን ጻፈ። ሁለቱን የሚያነብ ሰው ተረቱን ከእንግዲህ እንደ ቀድሞው አይሰማውም። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ማለት ልክ ሊሆን ይችላል፤ ባሕሩን ማየት ያለባቸው ግን ውኃውን የሚጠጡት ሁለቱ ናቸው።